ራቭ ፎር ሲሞቅ ማርሽ ይመታል፤ ካምቢዮው ይቀየር?

እህቴ፣ መጀመሪያ መልሱን ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ከዚያ። ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አታስወርጂ። እስካሁን የጻፍሽው ነገር ካምቢዮው ማለቁን አያሳይም። እንዲያውም የሚጠቁመው ወደ ሌላ ቦታ ነው። መሸጡንም ለጊዜው ተይው። በዚህ ሁኔታ ብታወጪው ወይ ገዢው ዋጋውን ይሰብርብሻል፣ ወይ አንቺ ላይ የደረሰው እሱ ላይ ይደርሳል።

ጥያቄውን ላላነበባችሁ ባጭሩ፦ መኪናው በፈረንጆቹ የ2002 ቶዮታ ራቭ ፎር ነው፣ 2.0 ሞተር፣ አውቶማቲክ፣ ፎር ዊል። ከተገዛ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ጠዋት ሲነሳ ምንም አይልም። ትራፊክ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ ግን ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀይር ይመታል፣ ሪቨርስ ሲገባ ደግሞ ከኋላ የተገጨ ያህል ይነጥራል። አጥፍታው ትንሽ ካረፈ በኋላ ይሻለዋል። ዳሽቦርዱ ላይ የቼክ ኢንጅን መብራት በርቷል። አንዱ ጋራዥ የካምቢዮ ዘይት ቀየረ፣ ለውጥ የለም። ሌላው "ካምቢዮው አልቋል፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ይገዛ" አላት። ላስቀይር ወይስ ልሽጠው ነው ጥያቄዋ። ለፋሲካም ደብረ ማርቆስ ልትሄድበት አስባለች።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው፣ መካኒኩም ጭምር፣ "ካምቢዮው ችግር አለበት" ሲል ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን አንድ ላይ ይጠራል። አንዱ መምታት ነው፣ ሌላው መንሸራተት። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሹን የሚይዙት በዘይት ግፊት የሚጨመቁ ፍሪሲዮን ዲስኮች ናቸው። ግፊቱ ልክ ሲሆን ዲስኮቹ ለስለስ ብለው ይያያዛሉ፣ አንቺም ማርሽ መቀየሩን ልብ አትዪውም። ዲስኩ ካለቀ ወይም ግፊቱ ካነሰ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን የጩኸቱን ያህል አይሄድም። ግፊቱ ከበዛ ደግሞ ዲስኮቹ ባንዴ ይያያዛሉ። ያኔ ነው የሚመታው። ስለዚህ መንሸራተት የሌለበት ንጹህ መምታት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የግፊቱ ቁጥጥር እንጂ ዲስኩ አይደለም። ግፊቱን የሚያዘው ደግሞ የመኪናው ኮምፒውተር ነው፣ ካምቢዮው ውስጥ ባሉ ሶሌኖይድ በሚባሉ ትናንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቮች በኩል።

ኮምፒውተሩ ከአንዱ ሶሌኖይድ ጋር የኤሌክትሪክ ችግር ካየ ቼክ ኢንጅን ያበራና ግፊቱን ወደ ከፍተኛው ይለቀዋል። ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ዲስኩ ተንሸራትቶ ከሚቃጠል መኪናው እየመታ ቤት ቢገባ ይሻላል ተብሎ ነው። ችግሩ፣ ይሄንን መምታት የሰማ ሰው ሁሉ "አለቀለት" ብሎ መደምደሙ ነው። ያላለቀ ካምቢዮ ወርዶ የተጣለባቸው መኪኖች አሉ፣ ይሄ ነው በጣም የሚያናድደኝ።

ሁለቱን ለመለየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግሽም። የሞተሩን ዙር የምታሳየው የአርፒኤም መርፌ ትበቃሻለች። እሑድ ማለዳ ጭር ያለ ሜዳ መንገድ ፈልጊ። መኪናው ሞቆ መምታት ከጀመረ በኋላ ከቆመበት ተነሺና ነዳጁን በስሱ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ይዘሽው ሂጂ። አጠገብሽ ሰው ተቀምጦ ዳሽቦርዱን በስልክ ይቅረጽልሽ፤ አንቺ መንገድሽን እዪ። ከዚያ ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ ተመልከቱት። መርፌዋ 2,000 አካባቢ ደርሳ ማርሹ ሲቀየር ወደ ታች መውረድ ነው ያለባት። ከመውረዷ በፊት ለቅጽበት ወደ ላይ ፈንጠር ካለች፣ ለምሳሌ ከ2,000 ወደ 2,600 ዘልላ ከዚያ ወርዳ ከመታ፣ ተንሸራትቶ የሚይዝ ካምቢዮ ነው ያለሽ። ይሄ የከፋው ዓይነት ነው። ምንም ሳትዘል ቀጥ ብላ ከወረደችና በዚያው ቅጽበት መኪናው ከነጠረ ግን ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው። ካጻጻፍሽ ያንቺ ሁለተኛው ይመስለኛል። "ሞተሩ ይጮኻል" የሚል ነገር የትም ቦታ አላነበብኩም።

አሁን ወደ መኪናሽ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄ ሞዴል የታወቀ ታሪክ አለው። ከ2001 እስከ 2003 የተሠራው አውቶማቲክ ራቭ ፎር የኮምፒውተር ችግር አለበት። ሞተሩንም ካምቢዮውንም የሚያዘው አንድ ኮምፒውተር ነው፣ ከተሳፋሪው ፊት ካለው ግላቭ ቦክስ ጀርባ ተሰክቶ ይገኛል። ውስጡ ሶሌኖይዶቹን የሚነዳው ክፍል በዕድሜና በሙቀት ይደክማል። ሲደክም መኪናው ልክ አንቺ እንደጻፍሽው ይመታል፣ ሪቨርሱም አብሮ ይበላሻል። ይሄ የጋራዥ ወሬ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አምራቹ ራሱ ችግሩን አምኖ ለእነዚህ ዓመታት ሞዴሎች የኮምፒውተሩን ዋስትና አራዝሞ ነበር። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ ለእኛ የሚጠቅመን የለም፤ ግን ካምቢዮ ቀይሪ የሚልሽን ሰው "መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ፈትሽልኝ" ለማለት በቂ ምክንያት ነው።

ሲሞቅ መምታቱ፣ ሲያርፍ መሻሉም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ግን እዚህ ላይ እንዳትቸኩዪ። ሙቀት ኮምፒውተሩን ብቻ አይደለም የሚነካው። የሶሌኖይድ ጥቅልል ሲሞቅ ሊቋረጥ ይችላል። ገመዱም ሶኬቱም እንደዛው። ካምቢዮው ውስጥ ያለ የደረቀ ጎማ ዘይቱ ሲቀጥን ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ "ራቭ ፎር ስለሆነ ኮምፒውተሩ ነው" ብለሽ ዘልለሽ ኮምፒውተር ከገዛሽ ከዚያኛው ጋራዥ በምንም አልተሻልሽም። በመለኪያ መረጋገጥ አለበት። ልኬቱ ደግሞ ቀላል ነው።

መጀመሪያ ኮዱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመዘገበው የስህተት ቁጥር። ቼክ ኢንጅን በርቶ ሳለ ማንም ሰው ኮዱን ሳያሳይሽ ስለ ካምቢዮ መፍረድ የለበትም። ሁለት ጋራዥ ገብተሽ አንድም ኮድ አልጻፍሽልኝም፣ ይሄ በጣም ነው ያሳሰበኝ። ወይ አላነበቡትም፣ ወይ አንብበው አጥፍተውታል። የኮድ ማንበቢያ ማሽን ወደያዘ ሰው ሂጂና "ከማጥፋትህ በፊት ስክሪኑን ፎቶ ላንሳ" በይ። በስልክ የሚሠራ ርካሽ ብሉቱዝ ማንበቢያም ይበቃል፤ መሰኪያው በሾፌሩ በኩል ከመሪው በታች ነው። የምጠብቃቸው ኮዶች ፒ0750፣ ፒ0753፣ ፒ0755፣ ፒ0758 ናቸው። በ3 እና በ8 የሚጨርሱት ሁለቱ "ወደ ሶሌኖይዱ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ልክ አይደለም" ይላሉ። በ0 እና በ5 የሚጨርሱት ሌላ ነው የሚናገሩት፦ "ማርሽ አዝዤ ነበር፣ ያዘዝኩት ግን አልመጣም"። እነዚህኞቹ ከኮምፒውተሩም ሊመጡ ይችላሉ፣ ከተጣበቀ ቫልቭም። ፒ0730 ካየሽ የማርሽ ልኩ ተዛብቷል ማለት ነውና የመንሸራተት ጥርጣሬው ይከብዳል። ከኮዱ ጋር ፍሪዝ ፍሬም የሚባለውንም ክፈቺና ፎቶ አንሺ። ስህተቱ ሲመዘገብ የሞተሩ ሙቀትና ፍጥነቱ ስንት እንደነበር እዚያ አለ።

በነገራችን ላይ አሮጌ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ይሄን ያዙ። ሻጭ ወይም ደላላ ኮዱን አጥፍቶ፣ አለዚያም ባትሪ ነቅሎ ሊያመጣው ይችላል። ዳሽቦርዱ ንጹህ ይሆናል፣ መኪናውን ደግሞ ቀዝቅዞ ነው የሚያሳያችሁ። ማሽኑ ላይ የሬዲነስ ሞኒተር የሚል ገጽ አለ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያደርጋቸውን ፍተሻዎች የሚዘረዝር። አብዛኛው "አልተጠናቀቀም" ካለ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል። ሙከራውም አንድ ዙር ሰፈር ውስጥ አይደለም፤ ሞቆ፣ ትራፊክ ውስጥ ቆሞ፣ ሪቨርስ ደጋግማችሁ አስገብታችሁ ነው።

ወደ ልኬቱ። አንድ ተራ መልቲሜትር ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን በቂ ነው። ሥራው እንዲህ ነው። መኪናው ሞቆ መምታት ሲጀምር ይቆማል፣ ቁልፉ ይጠፋል። ሳይቀዘቅዝ ካምቢዮው ላይ ያለው የሶሌኖይዶቹ ሶኬት ይነቀላል። የእያንዳንዱ ሶሌኖይድ የኤሌክትሪክ መቋቋም (ሬዚስታንስ) ለብቻው በኦህም ይለካል። እዚህ ካምቢዮ ላይ ሁለት ዓይነት አሉ። ክፍት ዝግ ብቻ የሚሠሩት ከ11 እስከ 15 ኦህም ያሳያሉ። ግፊቱን ቀስ በቀስ የሚያስተካክሉት ደግሞ 5 ኦህም እና ትንሽ አለፍ ያለ። ቁጥሮቹ ለቀዝቃዛ ካምቢዮ ነው የተቀመጡት፤ ሲሞቅ ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢል ጤናማ ነው። መለኪያው ምንም ካላነበበ ጥቅልሉ ተቋርጧል፣ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ተገናኝቷል። ያኔ ጥፋተኛው ሶሌኖይዱ ራሱ ነው። ሶሌኖይድ ደግሞ የታችኛውን የዘይት ሳህን አውርዶ የሚቀየር ነገር ነው። ካምቢዮ አይወርድም። ሶኬቱን ሲነቅሉት ውስጡን በባትሪ መብራት ይዩት። ዘይት ካለበት፣ አረንጓዴ ዝገት ካለበት፣ ወይም አንዷ ፒን ወደ ኋላ ከሸሸች እሱ ብቻውን ይሄን ሁሉ ሊያመጣ ይችላል።

ካምቢዮው ላይ ሁሉም ልክ ከሆነ ሶኬቱ ይመለስና ያው ልኬት ግላቭ ቦክስ ጀርባ ይደገማል። የኮምፒውተሩ ሶኬት ተነቅሎ በገመዱ በኩል ይለካል። አሁን የሚለካው ሶሌኖይዱ ከነገመዱ ነው። ታች ልክ ሆኖ ላይ ልክ ካልሆነ ገመዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ወይም ተልጧል፤ ካምቢዮ ወይም ሞተር ወርዶ በሚያውቅ መኪና ላይ ይሄ ያጋጥማል፣ ገመዱ ተጨቁኖ ይታሰራል። ታችም ላይም ልክ ሆኖ፣ መኪናው ግን እየመታና የኤሌክትሪክ ኮዱ እየተመለሰ ከሆነ የቀረው ኮምፒውተሩ ነው። ይሄ ግምት አይደለም፣ አንድ በአንድ እየተጣራ የተደረሰበት ነው። ግን ልኬቱ በሞቀ መኪና ላይ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ሲቀዘቅዝማ መኪናሽ ደህና ነው፣ መለኪያውም ደህና ነው የሚልሽ።

ኮምፒውተሩ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማስጠገን ነው። ሳጥኑ ተከፍቶ ሶሌኖይድ የሚነዱት ክፍሎች ይቀየራሉ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ እንደገና ይበየዳል። ኤሌክትሮኒክስ በደንብ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል፤ የስልክ ማዘርቦርድ በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ከመኪና ኤሌክትሪሺያን ይልቅ ይሻላል። ሁለተኛው ያገለገለ መግዛት ነው፣ እሱ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው የክፍል ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ በ89661 የሚጀምረው፣ ካንቺው ጋር እስከ መጨረሻው አኃዝ ይመሳሰል። የማኑዋል ኮምፒውተር ለአውቶማቲክ አይሆንም። መኪናሽ ኢሞቢላይዘር የሚባለው የስርቆት መከላከያ ካለው ደግሞ የሌላ መኪና ኮምፒውተር ቁልፍሽን አያውቀውም፣ ማስተዋወቅ የሚችል ሰው ከሌለ ሞተሩ አይነሳም። ከዚህ በላይ ግን አንድ ሌላ ስጋት አለ፦ የምትገዢው ያገለገለ ኮምፒውተርም በዚያው ዘመን ተሠርቶ ወደዚያው በሽታ እየሄደ ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ ጥሩ ጠጋኝ ከተገኘ ጥገናውን ነው የማስቀድመው። ተጠግኖ ሲመለስ ትራፊክ ውስጥ በደንብ አሙቀሽ ሞክሪው፣ ሂሳቡን ከዚያ በኋላ ጨርሺ።

ያገለገለ ካምቢዮ ለምን እንደምፈራ ልንገርሽ። ከሶማሌ ተራ የሚገዛ ካምቢዮ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ በምን ዘይት እንደሠራ፣ ከምን ዓይነት መኪና እንደወረደ ማንም አያውቅልሽም። የሚሰጥሽ የሙከራ ጊዜም አጭር ነው። ይባስ ብሎ ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ ከሆነ አዲስ የገባውም በዚያው በተሳሳተ ትእዛዝ ነው የሚሠራው። መምታቱ ይመለሳል፣ መካኒኩ "የገዛሽው ካምቢዮም ችግር አለበት" ይላል፣ አንቺ ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ ታወጫለሽ። መኪናው መጨረሻ ላይ በሦስተኛው ካምቢዮ፣ በመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ ቆሞ ይገኛል።

እውነቱን ለመናገር ካምቢዮው የሚያልቅበት ጊዜም አለ። በኮምፒውተር ችግር የሚመታ መኪና ለወራት ከተነዳ ውስጡ መጎዳቱ አይቀርም፣ ለዚህ ነው አትዘግዪ የምልሽ። ካምቢዮው አልቋል ለማለት እኔ የምፈልገው ማስረጃ ይሄ ነው፦ መርፌዋ የምትፈናጠር ከሆነ፣ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ፣ ሳህኑ ሲወርድ የብረት ፍርፋሪ ከተገኘ። ሳህኑ ውስጥ ማግኔቶች አሉ። እነሱ ላይ ግራጫ፣ በጣት ሲያሹት የሚለሰልስ ጭቃ ቢኖር የዕድሜ ነው፣ አያስደነግጥም። በጥፍር የሚነሳ፣ የሚያብረቀርቅ ስባሪ ከሆነ ግን ሌላ ነው። አንድ ሙከራ ደግሞ ራስሽ ማድረግ ትችያለሽ። ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑንም የእግር ፍሬኑንም ይዘሽ ከኤን ወደ ዲ አስገቢ፣ እስኪይዝ ድረስ ያለውን ጊዜ በስልክሽ ለኪ። ከ1.2 ሰከንድ ማነስ አለበት። ከኤን ወደ አር ደግሞ ከ1.5 ሰከንድ። ደጋግመሽ ለክተሽ በጣም የሚዘገይ ከሆነ ግፊቱ አንሷል፣ ዘይት ጎድሏል ወይም ውስጡ አልቋል። ቶሎ ይዞ ግን የሚመታ ከሆነ ወደ ጀመርነው ወደ ግፊት መብዛቱ እንመለሳለን። ፍሬን ይዞ ነዳጅ እስከ ጥግ የሚረገጥበት ሌላ ሙከራ አለ፤ እሱን አንቺ አትሞክሪው፣ ማንም ጋራዥ ውስጥም ለረጅም ጊዜ እንዲያደርገው አትፍቀጂ። ከ5 ሰከንድ ካለፈ ጤነኛውን ካምቢዮ ያቃጥላል።

የተቀየረውን ዘይት በተመለከተ፣ ምን ዘይት እንደገባ ጠይቂ። ይሄ መኪና የሚፈልገው ቲ-ፎር የሚባለውን የቶዮታ ዘይት ወይም ለእሱ ተስማሚ ነው የተባለውን ነው። "ቀይ ነው፣ ያው ነው" ተብሎ ዴክስሮን የሚባል ሌላ የካምቢዮ ዘይት ሊሞላ ይችላል። በማግስቱ አያቆምሽም፣ ግን አቀያየሩን ያበላሻል፣ ምርመራውንም ያደናግራል። መጠኑንም እዪ። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ጠፍቶ አይለካም። መኪናው በደንብ ሞቆ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል በየቦታው ትንሽ ትንሽ እያቆምሽ አውርደሽ ወደ ፒ ከመለስሽ በኋላ ነው መለኪያው የሚወጣው። "ሆት" የሚለው ምልክት ውስጥ መሆን አለበት። ጠፍቶ ከተለካ ዘይቱ ወደ ሳህኑ ስለሚመለስ ከልኩ በላይ ሆኖ ይታያል፣ የጎደለውም ሙሉ ይመስላል። አብዝቶ መሙላትም አይሆንም፣ የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል።

መለኪያውን ስታወጪ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጊና ጥቂት ደቂቃ ተዪው። ደህና ዘይት ወደ ዳር እየተስፋፋ ቀላ ያለ ሰፊ ክብ ይሠራል። ያረጀው ቡናማ ነው። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ዘይቱ ብቻ ወደ ዳር ከሸሸ የዲስክ ዱቄት አለበት። አሽቺው ደግሞ፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከአንድ ጊዜ በኋላ አይረሳም። ሳህኑን ከፍቶ ማውረድ ከጠቅላላው ዘይት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ የተሳሳተ ዘይት ከነበረ አንዴ ነድተሽ እንደገና ማስቀየር ሊያስፈልግ ነው። በማሽን ግፊት እጠብልሻለሁ የሚልሽን ግን እምቢ በይው። ብዙ በሄደ ካምቢዮ ውስጥ የተቀመጠውን ቆሻሻ ቀስቅሶ ቫልቮቹ ውስጥ ይከታል።

ከዚህ ሌላ ቶሎ የሚታዩ ነገሮች አሉ። የሞተር ሱፖርት (ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚይዘው ጎማ) ከተበጠሰ ዲ ወይም አር ሲገባ ይነጥራል። ኮፈኑን ክፈቺ፣ ሰው ቆሞ ይይ፣ አንቺ ፍሬን ይዘሽ ዲ እና አር አፈራርቂ፤ ሞተሩ ብድግ ካለ ሱፖርቱ ሄዷል። ይሄ ግን ሲቀዘቅዝም ይታያልና ያንቺን ሙሉ በሙሉ አያብራራውም። ባትሪና ዲናሞ ይለኩ፣ ሞተሩ ሲሠራ 13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካላሳየ እሱን አስቀድሚ። የባትሪው የኔጌቲቭ ገመድ ከቦዲውና ከካምቢዮው ጋር የሚታሰርበት ይጽዳ። የአየር ፊልትሮና የአየር መለኪያ ሰንሰሩ በአዲስ አበባ አቧራ ይቆሽሻሉ፤ ሰንሰሩ ከተሳሳተ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጭነት አሳስቶ ይገምታል፣ ማርሹም ያለሰዓቱ ይቀየራል።

ከጥያቄው ሥር "የኔም ካምቢዮ" ብላችሁ የጻፋችሁ ሌሎች፣ በሽታችሁ የተለየ ነው። አራተኛ ማርሽ አይገባም ያልከው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማርሽ ዘንጉ ላይ ያለው የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ተጭኖ ዳሽቦርዱ ላይ "ኦ ዲ ኦፍ" እንዳልበራ እይ። ካልሆነ ሞተሩ ላይ ቴርሞስታት (የሞተሩን ሙቀት ልክ የሚጠብቀው የውሃ ቫልቭ) መኖሩን ጠይቅ። እኛ አገር መኪና ሙቀት ሲያበዛ ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል ልማድ ሆኗል። ያለሱ ሞተሩ በደንብ አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ሞቋል ብሎ እስኪያምን ድረስ አራተኛውን አይለቅም። ካምቢዮ ሳይነካ ቴርሞስታት ተመልሶ የሚድን መኪና አለ ማለት ነው። ከ60 እስከ 80 ላይ ይንቀጠቀጣል ያልሽው ደግሞ፣ በስሱ ነዳጅ ይዘሽ ስትሄጂ ሲጀምርሽ ነዳጁን ሳትለቂ ፍሬኑን በግራ እግርሽ ነካ አድርጊ። ባዶ መንገድ ላይ ብቻ። ወዲያው ከጠፋ የቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው ክፍል) ክላች ነው፣ ትክክለኛ ዘይት ይሞከር። ካልጠፋና ዳገት ላይ ከባሰበት ካንዴላና ኮይል አስፈትሺ፣ ሞተሩ ነው ነዳጁን በደንብ የማያቃጥለው። ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል የሚለው ግን ብቻውን በሽታ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ አንድ አምስተኛ ያህል ኃይሉን ያጣል፣ ካምቢዮው ያንን ለማካካስ ነው የሚቀንሰው። ባለ አምስት ማርሽ ፕራዶ ያላችሁ የዘይት መለኪያ ዘንግ አትፈልጉ፣ የለውም፤ ልኩ የሚታየው ከታች በኩል ነው። ባለ አራት ማርሽ የድሮው ቱሳን ደግሞ ኤስፒ-ሦስት ነው የሚፈልገው፣ የቶዮታ ዘይት አትሙሉበት።

የፋሲካውን ነገር መጨረሻ ላይ ያመጣሁት መልሱን እንደማትወጂው ስለማውቅ ነው። ይሄ ሳይሠራ በዚህ መኪና ደብረ ማርቆስ አትሂጂ። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርደሽ ወደ ደጀን ስትወጪ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለትና ዳገት ነው፣ ታች ደግሞ ሙቀት አለ። ሲሞቅ የሚታመም መኪና በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ እዚያ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ከተማ ውስጥም ለሥራ መመላለሻ ብቻ ተጠቀሚበት፣ መምታት ሲጀምር አቁመሽ አሳርፊው። ልኬቱ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ከበዓሉ በፊት ልትደርሺበት ትችያለሽ። ምናልባት መንገድ ላይ ከቆመብሽም በገመድ እንዳታስጎትቺው። ፎር ዊል አውቶማቲክ ስለሆነ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ በጭነት መኪና ነው መሄድ ያለበት፤ ጎማው እየዞረ ከተጎተተ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይዞርና ያን ጊዜ በእውነት ያልቃል። ኮዶቹን ስታገኚ ከፍሪዝ ፍሬሙ ፎቶ ጋር እዚሁ ጻፊልኝ። በሙቀት የተለካውን ኦህምም ጨምሪልኝ፣ የትኛው ሶኬት ላይ እንደተለካ ጭምር።